ሁሉን የምትችል ጀግና ምን ያቅታታል?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኮሚክ ታሪክ እየጻፍኩ ነው፣ ቦታው እዚሁ ባሕር ዳር። ጀግናዋ የዘጌ ልጅ ናት። የምታገኘው ኃይል ልክ የለውም፤ ትበራለች፣ ሞት አይነካትም፣ የሰው ሐሳብ ትሰማለች፣ ከፈለገች ደግሞ ሐሳቡን ትለውጠዋለች። እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ደስ እያለኝ ጻፍኩ፣ ከዚያ ቆመብኝ። የሚገጥማትን ሁሉ በአንድ ገጽ ትጨርሰዋለች። ጓደኞቼ "የምትፈራው ድንጋይ ነገር ፈልጊላትና ገላገይ" ይሉኛል፣ እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ሁሉን ከቻለች ክፉ ሰው እንዴት ይኖራል? ሁሉንም ደግ ካደረገቻቸውስ ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው ወይ? እስቲ ሐሳብ ስጡኝ።

ፔዳ በር፦
ድንጋዩን ተይው። ሱፐርማን በ1938 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምር መብረር እንኳን አይችልም ነበር፣ የሚዘለው 200 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እየጨመሩለት እየጨመሩለት ሄዱና የሚያቆመው ጠፋ። ክሪፕቶናይት፣ ያ ኃይሉን የሚያሳጣው ድንጋይ፣ መጀመሪያ የመጣው በ1943 በሬዲዮ ድራማው ነው፣ ኮሚኩ ላይ የገባው ደግሞ በ1949። ከውጭ የመጣ ልጓም ነው። ድንጋይ ስታስገቢ ታሪኩ ድንጋዩን ማን ያዘው ወደሚል ፍለጋ ይዞርና ልጅቷ ትረሳለች። ሱፐርማንን የምወደው ጡንቻው የማይፈታው ነገር ሲገጥመው ነው።

የማታ አንባቢ፦
ዶክተር ማንሃተንን የማታውቂው ከሆነ ዎችመን የሚባለውን ኮሚክ ፈልገሽ አንብቢ፣ ከ1986 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) በ12 ክፍል የወጣ ነው። ሰውዬው የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1959 ቤተ ሙከራ ውስጥ አደጋ ይደርስበትና አካሉ ይበተናል፣ ከዚያ ራሱን መልሶ ይሠራል። ቁስ አካል የተባለ ሁሉ ይታዘዘዋል። ትናንትን፣ ዛሬንና ነገን በአንድ ጊዜ ያያል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ነገን ስላየ ብቻ ሌላ ነገር ማድረግ አይችልም። ቬትናም ውስጥ አንድ ባልደረባው ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲተኩስ ቆሞ ያያል። ገዳዩ ራሱ ዞሮ "ጠመንጃውን እንፋሎት ማድረግ ትችል ነበር፣ አላደረግክም" የሚል ነገር ይለዋል። ያቺን ገጽ ሳነብ ውስጤ ተረበሸ። እኛ አገር "የአርባ ቀን እድሌ ነው" ይባል የለ? እሱ የራሱን የአርባ ቀን እድል በዓይኑ እያየ የሚኖር ነው። ስለዚህ ኃይልና ነጻ ፈቃድ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ፣ ጀግናሽ ነገን እንድታይ ከማድረግሽ በፊት በደንብ አስቢበት።

የጎርጎራ ሰው፦
ልጄ፣ እኔ ኮሚክ ብዙ አላነብም፣ ጥያቄሽ ግን ገባኝ። ጀግናሽን እምቦጭ ላይ አሰማሪያትና እይ። ጣና ላይ ከታየ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚህ ሰሜን ዳርቻ ያለነው አሳሩን አይተናል። ውኃ ውስጥ ገብተን በእጅ ስንነቅል ሥሩ እንደ ጥቁር ፀጉር ተንጨባሮ፣ ጭቃና ውኃ ቋጥሮ ይመጣል፤ አንድ እቅፍ ብቻ ወገብ ይቆርጣል። ያንቺ ልጅ በአንድ ጠዋት ጠርጋ ትጥለዋለች። ይሁን። ዘሩ ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፣ እሱንም ታቃጥል። አረሙን የሚያፋፋው ግን መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከእርሻ አጥበው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ገበሬ አለ። ባሕር ሸሽ መሬት ላይ፣ ሐይቁ ሲሸሽ በሚለቀው ዳርቻ፣ የሚያርሰው ልጆቹን ለማብላት ነው። እሱን ምን ታደርገዋለች? ወይ ቁጭ ብላ ታግባባዋለች፣ ወይ ጭንቅላቱ ውስጥ ትገባለች። ከገባች ጣና ይድናል፣ ያ ሰውዬ ግን ከዚያ በኋላ የለም፣ በእሱ እጅ የምታርሰው እሷ ናት።

ፔዳ በር፦
አባቴ፣ ይሄ እኔ ካልኩት ሁሉ ይበልጣል።

ቆሎ ተማሪ የነበረ፦
ጥያቄው ከኮሚክ በፊትም ነበር። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15ን ተመልከቱ። ፈጣሪ ሰውን ለገዛ ምርጫው ተወው፣ እሳትና ውኃ በፊቱ አኖረለት፣ እጁን ወደ ወደደው ይዘርጋ ይላል። ሁሉን የሚችለው አምላክ ራሱ የሰውን ፈቃድ አልጣሰም ማለት ነው። አቅቶት አይደለም፣ ትቶለት ነው። የጀግናሽም ወሰን ከዚህ ቢነሣ ደስ ይለኛል፤ የምትችለውን ነገር አላደርግም ትበል፣ ያም ዋጋ ያስከፍላት።

የማታ አንባቢ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው ሲገደል እያየች "ነጻ ፈቃዱ ነው" ብላ ልትቆም ነው? ከማንሃተን በምን ተሻለች?

ቆሎ ተማሪ የነበረ፦
አትቁም እንጂ! ቢላዋ ያነሣን ሰው እጁን መያዝ ሌላ፣ መግደል መፈለጉን ከልቡ ፍቆ ማውጣት ሌላ። እጁን ብትይዘው ሰውዬው አሁንም ሰው ነው፤ ሊጠላት፣ ሊጸጸት፣ ነገ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። ሊገደል የነበረውም ሰው መብት አለው፣ እሱም መኖር ፈቅዷል። እኔ መስመሩን የማሰምረው እዚያ ላይ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ አራተኛው ምዕራፍ መጣልኝ! ነገን ማየቱን አልሰጣትም። ደምቢያ የሚያርስ አጎት እሰጣታለሁ። እሱ ፊት ቆማ ሐሳቡን ትሰማለች፣ ዕዳ እንዳለበትም፣ እሷን ትንሽ እንደሚፈራትም ታውቃለች፤ እና አፍ አውጥታ ትለምነዋለች። እንቢ ይላታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገና አልወሰንኩም፣ ግን አንድ ጊዜ መስመሩን የምታልፍ ይመስለኛል። የጎርጎራው አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ባሕር ሸሹ ላይ የሚታረሰው በየትኛው ወር ነው፣ መሬቱስ ያን ጊዜ ምን ይመስላል? ሥዕሉ ላይ እንዳልሳሳት ብዬ ነው።