የተማረከ መድፍ ድሬ ላይ ቢቆም ምን ትላላችሁ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። አባቴ ነሐሴ 1969 ሶማሊያ ድሬን ልትይዝ ስትመጣ ሚሊሻ ሆኖ ተዋግቷል፣ አሁን ሸምግሏል። ባለፈው ወደ ጅጅጋ ይዤው ስሄድ ካራማራ ጋ የዛገ ታንክ አየና መኪናውን አስቁሞ ወረደ፣ ብረቱን ዳበሰው፣ ምንም ሳይናገር መዳፉ በዝገት ቀልቶ ተመለሰ። ማታ ላይ "ያኔ ከማረክነው አንድ መድፍ እንኳ አምጥተው እዚህ ቢያቆሙልን" አለኝ። ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነን ለቀበሌ ጥያቄ ልናቀርብ ነው፣ ግን ጎረቤታችን ሶማሌ ነው፣ አንድ ትሪ ላይ በልተን ነው ያደግነው፣ አፈሙዙን ወደ ማን ነው የምናዞረው?

ጡረተኛ መድፈኛ፦
ልጄ አባትህን ሰላም በልልኝ። ከሜዳ የሚመጣ ከሆነ የመከላከያ የፈንጂ ባለሙያ ሳያየው ማንም እንዳይነካው፣ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል። ከዛ የኋላ መዝጊያው ይውጣ፣ አፈሙዙ በብረት ይበየድ፣ ህፃናት እጃቸውን ይከታሉ። ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ ከድሬ ፀሐይ ጋር ሰነጣጥቆ ይጨርሰዋል፣ ኮንክሪት ሰርታችሁ ከስር ደግፉት። አፈሙዙን ደግሞ በመኪና ሲጎተት እንደሚሆነው ዝቅ አድርጋችሁ ቆልፉት፣ እንደዛ የታሰረ መድፍ ማንም ላይ አላነጣጠረም።

የጁገል፦
እኛ ሐረሮች ይሄን ነገር ከሁለቱም ወገን ሆነን አይተነዋል። ግብፆች በ1877 ሲወጡ ትተውት የሄዱትን መድፍ የኛው አሚር አብዱላሂ በ1879 ጨለንቆ ላይ ተኩሶበት በምኒልክ ጦር ተሸነፈ፣ ከ9 ዓመት በኋላ ደግሞ የራስ መኮንን ጦር ከዚሁ ሐረር ወጥቶ አድዋ ዘመተ፣ ጣልያን ይዞት የመጣው 56 መድፍ እዛው ቀረ። አያቴ አድዋ ሲነሳ አፏ አያርፍም፣ ጨለንቆ ሲነሳ ዝም ትላለች። ያን ዝምታ ስለማውቀው ነው፣ ከመድፉ ስር የሚቀመጠው ጽሑፍ ላይ "ሶማሌ" ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ የዚያድ ባሬ ጦር በሉት በቃ።

ሜልቦርን ያለሁ ድሬ፦
እዚህ አውስትራሊያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን የተማረከውን በህዝብ ብዛት እየለኩ ለየከተማው አከፋፈሉ፣ ለትልቁ መድፍ ለትንሹ መትረየስ። ስንቱ የእንጨት ጎማው በስብሶ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ቀረ። ማን በየስንት ጊዜው ቀለም እንደሚቀባው ሳትስማሙ እንዳታስመጡት።

የመጋላ፦
እኔ ሶማሌ ነኝ፣ ድሬ ተወልጄ ድሬ ያደግኩ። አጎቴ በ69 ሱቁ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነው ከባድ መሳሪያ የገደለው፣ ወታደርም ሚሊሻም አልነበረም። መድፉ ይምጣ፣ አልቃወምም፣ ግን እንደሱ ያሉትም ስማቸው ከስሩ ይጻፍ።

የከዚራ ልጅ፦
ወንድሜ ነፍስ ይማር። ስሙንና ሱቁ የነበረበትን ቦታ በውስጥ ላክልኝ፣ አባቴ መጋላን ቤት በቤት ያውቀዋል፣ ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።