የፋብሪካ ጭስ ማን ይለካው? ማንስ ይክፈል?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ የዛሬው ርዕስ የጭስ ምርመራ ነው። ብዙ ጊዜ አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው አማካሪ ይቀጥራል፣ ቀን ይቆረጣል፣ አማካሪው ጭስ ማውጫው ላይ ወጥቶ ብናኙንና ጋዙን ይለካል፣ ሪፖርቱ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይገባል። ይሄ ይቀጥል? ወይስ ምርመራው በድንገት ይሁን፣ መርማሪውንም ፋብሪካው ሳይሆን ሌላ አካል ይመድበው? በሉ ጀምሩ፣ ስድብ አይፈቀድም።

ቆርቆሮ ጣሪያ፦ እኔ የምኖረው ሲሚንቶ ፋብሪካ አጠገብ ነው፣ ያውም ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል። ስሙን አልጠራም። ሪፖርቱ ሁሌም "ከተፈቀደው በታች" ነው የሚለው። ጣሪያችን ላይ የሚያርፈው አቧራ ግን ዝናብ ሲነካው እዚያው ይጋገራል፣ በመጥረጊያ አይነሳም። መርማሪ የሚመጣ ሰሞን ደግሞ ሳይነገረን እናውቃለን፤ መንገዱ ውሃ ይረጫል፣ መኪኖቹ ሸራ ይለብሳሉ፣ ጭሱ ይሳሳል። እነሱ በሄዱ ማግስት ሌሊት ሌሊት ይለቁብናል። ታዲያ ምኑን ነው የለኩት? በድንገት ይምጡ፣ አለቀ።

ጋሽ ምድጃ፦ ልጄ፣ ብሶትህ ይገባኛል። ግን ዕድሜዬን ኪልን፣ ማለትም የሲሚንቶ ማቃጠያ ምድጃ ላይ የፈጀሁ ሰው ነኝና ልንገርህ፣ የብናኝ ልኬት እንደ ትኩሳት መለኪያ ሰክተህ የምታነበው ነገር አይደለም። ፕሮቡ፣ ማለትም የናሙና መሳቢያው ቱቦ፣ የሚስበው ጋዝ ፍጥነት ጭስ ማውጫው ውስጥ ከሚሄደው ጋዝ ፍጥነት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከዘገየ ትልልቁ ብናኝ በዝቶ ይገባና ቁጥሩ ይጋነናል፣ ከፈጠነ ደግሞ ያንሳል። አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ቢያንስ ሦስት ዙር ይደረጋል። ከዚያ ማጣሪያ ወረቀቱ ላቦራቶሪ ገብቶ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ለዚህ ሁሉ መቆሚያ መድረክ፣ ኤሌክትሪክ፣ የናሙና ቀዳዳ፣ ደግሞም ምርቱ ሳይዋዥቅ የሚሄድ ኪልን ያስፈልጋል። በድንገት መጥተህ ኪልኑ ቆሞ ብታገኘው ምን ልትለካ ነው?

ሂዩስተን ያለሁት፦ ጋሽ ምድጃ ያሉት እውነት ነው። እዚህ አሜሪካም በፌዴራል ደንብ የሚደረገው የጭስ ማውጫ ፈተና እንደ ደንቡ ዓይነት ከ30 ወይም ከ60 ቀን በፊት ለተቆጣጣሪው ይነገራል፣ ወጪውም የፋብሪካው ነው። ልዩነቱ ከፈተናው ውጪ ያለው ነው። ብዙ ትልልቅ ማውጫዎች ላይ ቀን ከሌት የሚመዘግብ መሣሪያ ተገጥሟል። ሐሰተኛ ሪፖርት ማስገባትም እስር ያስከትላል።

ቆርቆሮ ጣሪያ፦ አሜሪካን ተዋት ወንድሜ። ቮልስዋገንን ያየን ሰዎች ነን እኮ። መኪናው ፈተና ላይ መሆኑን ሲያውቅ ንጹህ፣ መንገድ ሲወጣ ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ። እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የተነቃበት። ያውም ሶፍትዌር ደክመው ሠርተውለት! እዚህ ለማጭበርበር ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ ለአንድ ቀን የሚገባውን ጥሬ ዕቃ መቀነስ ይበቃል።

እንጀራዬ፦ እኔ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ቀጥቅጡኝ። ሁላችሁም ፋብሪካውን ሌባ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ብናኙን የሚይዘው ማጣሪያ ከረጢት በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገዛው። አንድ ከረጢት ሲቀደድ መለዋወጫው መርከብ ላይ ነው። መብራት ብልጭ ካለ ደግሞ ማጣሪያውም ኪልኑም ይቆማል፣ እንደገና ሲነሳ መጀመሪያ ላይ ይጨሳል፣ ይሄ የትም አገር ያለ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል ብናኝ የሚይዘው ኢኤስፒ የሚባለው ማጣሪያም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨምር እንዳይፈነዳ ራሱን ያጠፋል። እሱንም "ሆን ብለው ሌሊት ለቀቁት" ትሉናላችሁ።

ቆርቆሮ ጣሪያ፦ እሺ፣ ሁልጊዜ ሌሊት ብቻ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

እንጀራዬ፦ ቀን ሲጠፋ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ።

ኬሚስቷ፦ ሁለታችሁም ቆይ። በቀጠሮ ይሁን በድንገት የሚለው የክርክሩ ግማሽ እንኳ አይደለም። ዋናው ማን መረጠው፣ ማን ከፈለው ነው። ህንድ ጉጃራት ውስጥ ይሄ በተግባር ተፈትኗል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የመረጡትና የከፈሉት ኦዲተር ሲለካ፣ የብናኝ ገደቡ 150 ሚሊግራም በኪዩቢክ ሜትር ነበርና ሪፖርቶቹ በብዛት ከ150 ትንሽ ዝቅ ብለው ተኮልኩለው ተገኙ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ የለም መቼም። ከዚያ ለግማሾቹ ደንቡ ተቀየረ። ኦዲተሩ በዕጣ ይመደባል፣ ክፍያው ከጋራ ቋት በተቆረጠ ዋጋ ይወጣል፣ ከለካቸው መሀል የተወሰኑትን ሌላ ሰው ደግሞ ይለካል። ሪፖርቱ ወደ እውነቱ ቀረበ። ፋብሪካዎቹም ብክለታቸውን ቀነሱ። ልብ በሉ፣ ገደቡ አልተነካም፣ መሣሪያው አልተቀየረም።

ጋሽ ምድጃ፦ ይሄን አልቃወምም። ግን ዕጣ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው ሰውስ? ፋብሪካው ለአማካሪው ይከፍል የነበረውን ለእሱ በእጅ መንሻ ቢሰጠውስ?

ኬሚስቷ፦ ጋሼ፣ ለዚያ ነው ድጋሚ ልኬት ያስፈልጋል ያልኩት። ዕጣ ብቻውን ምንም አያደርግም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ሕዝቡ የማያየው ማጭበርበሪያ ቁጥሩ ውስጥ ነው ያለው። ጋዙ በአየር ከቀጠነ ክምችቱ ይወርዳል። ለዚህ ነው ለሲሚንቶ ኪልን ውጤቱ፣ ጋዙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን 10 በመቶ ቢሆን ስንት ይሆን እንደነበር ተሰልቶ የሚስተካከለው። 40 ሚሊግራም ለክተህ ኦክሲጅኑ 15.5 በመቶ ከሆነ፣ ሲስተካከል 80 አካባቢ ነው። "40 ነው" ብሎ ኦክሲጅኑን የማይጽፍ ሪፖርት እኔ ሪፖርት አልለውም፣ እንደዚያ ያለ ወረቀት ደግሞ በእጄ አልፏል። የዓለም ባንክ ቡድን መመሪያ ለአዲስ ኪልን የብናኝ ልክ 30፣ ለነባር 100 ነው የሚለው። በዚያ ሚዛን እንኳ አዲስ ኪልን በ40ም በ80ም ይወድቃል፣ ነባሩ በሁለቱም ያልፋል።

እንጀራዬ፦ ራሱ መመሪያው ፋብሪካው ከሚሠራበት ሰዓት 95 በመቶውን ልኩን ይጠብቅ ነው የሚለው፣ መቶ በመቶ አላለም።

ኬሚስቷ፦ ትክክል። ግን 95 በመቶ መሆኑን በምን ታውቃለህ? በዓመት አንድ ቀን ለክተህ? አየህ፣ ራስህ ወደ ቋሚ መመዝገቢያ መሣሪያ እየጎተትከን ነው።

ጋሽ ምድጃ፦ እሱም ንባቡ ትክክል መሆኑ በየጊዜው ካልተፈተሸና ካልተስተካከለ ጌጥ ነው። ሌንሱ አቧራ ይይዛል፣ ንባቡ ይንሸራተታል፣ በየጊዜው ከእጅ ልኬት ጋር መመሳከር አለበት።

የሕግ ተማሪ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። "ድንገተኛ ምርመራ ይፈቀድ" ስትሉ እንደሌለ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እኮ ተቆጣጣሪው ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ ተገቢ መስሎ በታየው ሰዓት ገብቶ ናሙና እንዲወስድ ይፈቅዳል። ሥልጣኑ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎደለው ሠራተኛ፣ መኪናና መሣሪያ ነው፣ ወይም ደግሞ ፍላጎት።

ጋሽ ምድጃ፦ በዚህስ ከተስማማን እኔ መሀል ላይ ልቁም። የብናኙ ሙሉ ልኬት በቀጠሮ ይሁን። ድንገት የሚገባው ተቆጣጣሪ ግን ፕሮብ ተሸክሞ መውጣት የለበትም። የቁጥጥር ክፍል ገብቶ ኪልኑ በሰዓት ስንት ቶን እየበላ እንደሆነ ይይ፣ የከረጢት ማጣሪያውን የግፊት ልዩነት ያንብብ፣ የኢኤስፒውን ቮልቴጅ ይይ፣ ያለፈውን ሌሊት መዝገብ ይገልብጥ። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ምድጃ የሚያውቅ ሰው በዚህ ብቻ ብዙ ይነቃል።

ቆርቆሮ ጣሪያ፦ ይሄ ተመችቶኛል ጋሼ። ግን ጣሪያዬ ላይ ያለው ሁሉ ከጭስ ማውጫው ነው?

ኬሚስቷ፦ አይደለም፣ የሚገርመውም እሱ ነው። ሜዳ ላይ የተከመረ ክሊንከር (ከኪልን የሚወጣው ገና ያልተፈጨ ሲሚንቶ)፣ ድንጋይ መፍጫው ክሬሸር፣ ማጓጓዣው፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚሄደው መኪና፣ ይሄን ሁሉ የጭስ ማውጫ ፈተና አያየውም። ሪፖርቱ እውነት ሆኖም ጣሪያህ ሊቆሽሽ ይችላል። ለዚያ ሰፈሩ ውስጥ የአየር ልኬት ይፈልጋል፣ እሱን ደግሞ ፋብሪካው እንዲያደርግ ሲጠየቅ ብዙም አልሰማሁም።

እንጀራዬ፦ ክምሩን ሼድ ውስጥ እንዲያስገቡ እኛም ከውስጥ ጠይቀናል፣ ለሳንባችን። እንደ ጠላት አትዩን።

ቆርቆሮ ጣሪያ፦ አንተን አይደለም ወንድሜ። የሕግ ተማሪ፣ አቤቱታ የት ነው የሚገባው? ጉዳት ማስረዳት አለብኝ?

የሕግ ተማሪ፦ የለብህም። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ማለት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡህ ወይም ውሳኔው ካላረካህ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለቀበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ሳያልፍ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ። ያስገባህበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለው ቅጂ ያዝ፣ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ጋሽ ምድጃ፦ ማመልከቻው ላይ "ጭሱ በዛ" ብለህ ብቻ አትጻፍ። የመጨረሻው ልኬት በተደረገበት ቀን ኪልኑ በሰዓት ስንት ቶን ይበላ እንደነበርና ኦክሲጅኑ ስንት እንደነበር በጽሑፍ ይሰጠኝ በል።

ኬሚስቷ፦ አማካሪውን ማን እንደመረጠውም።