መግባቢያ ሂንዲ ከየት ልጀምር? ዴልሂ ያላችሁ እርዱኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ዴልሂ ነኝ። ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛው ይበቃኛል፤ ከግቢ ስወጣ ግን የአውቶ (የባጃጅ) ሹፌሩም፣ አትክልት ሻጯም፣ የአከራዬ እናትም ሂንዲ ብቻ ነው የሚያወሩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መማሪያ ጀምሬ ነበር። ቃሉን እይዛለሁ፣ አረፍተ ነገር መሥራት ግን አቃተኝ። እናንተ እንዴት ለመዳችሁት?

ፑኔ (ህንድ) የተማረ፦ እህቴ፣ እንግሊዝኛውን ተይውና በአማርኛ አስቢ። ግሱ እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ሜን ባዛር ጃ ራሂ ሁን» ቃል በቃል «እኔ ገበያ እየሄድኩ ነው» ማለት ነው፣ ቅደም ተከተሉ እንኳ አይዛነፍም። «ራበኝ» የምንለውንም እነሱ «ሙጄ ቡክ ላጊ ሄ» ይሉታል፣ ረሃብ ያዘኝ እንደማለት። ጠማኝ፣ በረደኝም በዚሁ መንገድ ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማል፤ እኛ ግን ከልጅነታችን የለመድነው ነው።

ዴልሂ የምትኖር፦ እውነት ነው፣ ጾታው ላይ ግን ተጠንቀቂ። እኛ ጋ «እሄዳለሁ» ወንድም ሴትም ይላል። በሂንዲ ወንዱ «ጃታ ሁን»፣ ሴቷ «ጃቲ ሁን» ነው፤ ስለዚህ ከወንድ ጓደኛ የሰማሽውን እንዳለ አትድገሚው። ለማታውቂው ሰው «አፕ» በይ፣ የኛ «እርስዎ» ነው። «ቱ» ለቅርብ ሰው ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው ካልሽው እንደ ንቀት ይቆጠራል። ሹፌሩን «ባይያ» (ወንድሜ)፣ ሻጯን «ዲዲ» (እህቴ) ብለሽ ጥሪ። ሜትሮ ውስጥ ደግሞ ጆሮሽን ስጪ፣ ቀጣዩን ጣቢያ «አግላ ስቴሽን» እያለ በሁለቱም ቋንቋ ይናገራል።

ሌላ አባል፦ ፊደሉንም አትዝለይ። እንደኛው ተነባቢው ላይ ምልክት እየተጨመረ ካ፣ ኪ፣ ኩ ይላል። ድምፁ ላይ ግን ጠ እና ጰን አታስገቢ፤ እነሱ ትንፋሽ ጨምረው ነው የሚሉት።

ጠያቂዋ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ቁጥሩስ? ዋጋ ሲነግሩኝ ይጠፋብኛል።

ፑኔ የተማረ፦ እስከ 100 ያለው አብዛኛው አንድ በአንድ የሚሸመደድ ስለሆነ ሁሉንም አሁን አትሞክሪ። ለገበያ ዳስ 10፣ ቢስ 20፣ ፓቻስ 50፣ ሶ 100 ይበቁሻል። «ፓቺስ» ሲሉሽ 25 ነው፣ ከ50 ጋር እንዳይምታታብሽ። 150ን «ዴድ ሶ»፣ 250ን «ዳይ ሶ» ነው የሚሉት፣ አንድ ተኩል መቶ፣ ሁለት ተኩል መቶ እንደማለት። ካልገባሽ «ሊክ ዲጂዬ» በያቸው፣ ይጽፉልሻል።