ሲአርኤስ ከኮሌጅ ስቴሽን ተነስቶ እንዴት ያን ያህል አደገ?

ካስማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲአርኤስ (ኮዲል ሮውሌት ስኮት)፣ ማለትም ኮዲልና ሮውሌት በ1946 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ ለሁለት የጀመሩት የአርክቴክቸር ቢሮ፣ በ1972 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበርን የድርጅት ሽልማት አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ለሁሉም በዝቶ ነበር፤ ታዲያ ይኼኛውን ምን ለየው? አሠራሩን የምታውቁ ብታብራሩልኝ።

ማገር፦
ገበያው አንዱ ምክንያት ነው። ከ1946 ወዲህ የተወለዱት ልጆች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤቶችን አጥለቀለቁ፤ ኮዲል ደግሞ ስለ ትምህርት ቤት ዲዛይን በ1941 ጽፎ ነበር። ዋናው ግን ብላክዌል፣ ኦክላሆማ ላይ ትምህርት ቤት ሲነድፉ ከሥራው የተማሩት ነው። ንድፍ ይዘው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ፣ የትምህርት ቤቱ ቦርድ አይቀበልም፣ ይመለሳሉ። ምልልሱ ክፍያቸውን ሊበላው ሲደርስ ዕቃቸውን ጭነው ሄደው እዚያው ሰፈሩ። የሕንፃው ባለቤት እያየ ሲነደፍ ተቃውሞው ወዲያው ይወጣል፣ ወዲያው ይታረማል። ይህን «ስኳተርስ» (ሰፋሪዎች) ብለው ቋሚ አሠራር አደረጉት። ዋና ቢሮውን ወደ ሂውስተን ያዛወሩት በ1958 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከትንሿ ከተማ ከኮሌጅ ስቴሽን ሆነው ሩቅ ሥራ መያዝ የቻሉት በዚህ ነው።

ወጋግራ፦
መስፈሩ ብቻውን አይበቃም። የሲአርኤሱ አርክቴክት ዊሊ ፔኛ ያደራጀው የቅድመ ንድፍ ጥናት አለ፦ ግብ፣ መረጃ፣ ሐሳብ፣ ፍላጎት፣ በመጨረሻ የችግሩ መግለጫ። በአንድ ካርድ አንድ ሐሳብ ብቻ ይሰፍርና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቡናማ ወረቀት ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል በስፋቱ ልክ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ የጠየቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፍላጎት ላይ ነው። የክፍሎቹ ድምር 1,800 ካሬ ሜትር ከሆነ ባለቤቱ በጀቱን የሚያሰላው በዚያው ነው። ኮሪደሩ፣ ደረጃው፣ የግድግዳው ውፍረት ይረሳል። ክፍሎቹ የሕንፃውን 60 በመቶ ብቻ የሚይዙ ከሆነ 1,800ን ለ0.6 አካፍሉት፤ የሚገነባው 3,000 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ቀድሞ ካልተነገረ ጉድለቱ ጨረታ ሲከፈት ይወጣል፤ ያኔ እንደገና መንደፍ ግድ ነው፣ ኪሳራውም የቢሮው።

ካስማ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ጥናቱን ንድፉን የሚሠራው ሰው ራሱ ቢመራውስ?

ወጋግራ፦
ባይመራው ይሻላል። መልሱን አስቀድሞ በልቡ የያዘ ሰው ጥያቄውን ወደዚያው ያዘነብለዋል። ፔኛም ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ ጥናቱ ችግሩን መፈለጊያ፣ ዲዛይኑ መፍቻ ነው። የሰው እጥረት ካለ ቢያንስ የችግሩ መግለጫ ተጽፎ ባለቤቱ ሳይፈርምበት እርሳስ አይነሳ።