ላፕቶፔ ቻርጅ ላይ ሲሆን እጄን ይነዝረኛል፤ ችግሩ ከቻርጀሩ ነው ወይስ ከቤቱ መስመር?

ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ አካሉ አሉሚኒየም ሲሆን፣ ቻርጀሩ በተሰካ ቁጥር የእጄ አንጓ የሚያርፍበት ቦታ ይነዝረኛል፤ ጣቴን በክዳኑ ላይ ቀስ አድርጌ ሳንሸራትት ደግሞ ያ ለስላሳ ብረት እንደ ሞረድ ይሻክረኛል። ቻርጀሩን ስነቅለው ወዲያው ስለሚጠፋ የማራገቢያው ንዝረት ነው ብዬ አላምንም። ጫማ ሳደርግ ይቀንሳል፤ በባዶ እግሬ ሴራሚክ ላይ ስቆም ይብሳል።

ባለ ሁለት እግር ቻርጀር የመሬት መስመር (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ የደኅንነት ገመድ) ስለሌለው፣ በውስጡ ባለው የማጣሪያ ካፓሲተር በኩል እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ወደ ላፕቶፑ አካል እንደሚያልፍና ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለጉዳት እንደማይዳርግ አውቃለሁ። የእኔ ግን የመሬት መስመር ያለው ነው። ማከፋፈያውን ትቼ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ብሰካውም ለውጥ የለም። በመልቲሜትር ስለካ በፋዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ገመድ) እና በኒውትራል (በሚመልሰው ገመድ) መካከል 220 ቮልት አካባቢ ሲያሳይ፣ በፋዝና በመሬት መስመሩ መካከል ግን ወደ 60 የሚጠጋ ብቻ አሳየኝ። ይህ የመሬት መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ መቆረጡን ያመለክታል? ቤቱ የኪራይ ነው፤ አከራዬም «ላፕቶፕህን አስመርምር» ከማለት አላለፉም። ግድግዳ ሳላስፈርስ ለኤሌክትሪሺያኑ በቅድሚያ የትኛውን ክፍል እንዲፈትሽ ልንገረው? እስከዚያው በባትሪ ብቻ እየሠራሁ ነው።