የሳንዲያ ቤተ ሙከራ የፀሐይ ኃይል ሪፖርት ጣና ዳር ላይ ምን ያህል ይታመናል?

ጠያቂ፦ ሮቢት ማዶ

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቀው በሮቢት፣ ከእጅ ጉድጓድ ውሃ እየሳቡ ጓሯቸውን በሚያለሙ ገበሬዎች ላይ ነው። ለማወቅ የምፈልገው አንድ አነስተኛ ፓምፕ በበጋ ቀን ያለ ነዳጅ እንዲሠራ ምን ያህል ሶላር ፓኔል እንደሚያስፈልገው ሲሆን፣ ለስሌቱ መሠረት ያደረግሁት የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2004 በሪፖርት ያወጣውን የፓኔል አፈጻጸም ሞዴል፣ ማለትም ፓኔል በተለያየ ጨረርና ሙቀት ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ የሚያሰላ የቀመር ስብስብ ነው።

አማካሪዬ ረቂቁን ካነበቡ በኋላ ሁለት ጥያቄ ጻፉልኝ። አንደኛው፣ በመጽሔት ያልታተመ የተቋም ሪፖርት የአንድ ጥናት ዋና ምሰሶ ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቤተ ሙከራው ባለበት በኒው ሜክሲኮ ደረቅ ምድር ላይ የተለካ ቁጥር የሐይቅ ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ እንዴት ይሠራል የሚል ነው። ለሁለቱም አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። እዚህ ላይ የቤተ ሙከራው ስም ሁልጊዜ ከኑክሌር መሣሪያ ጋር ስለሚነሣ፣ ሪፖርቱን መጥቀሱ ራሱ የሚያስነቅፍ እንደሆነ የነገሩኝም አሉ። በዚህ ሥራ የቆያችሁ ብታግዙኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መላሽ፦ አባይ ማዶ

ከመጨረሻው ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ሳንዲያ በርግጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1945 የአቶም ቦምብ የተሠራበት የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ አንድ ክፍል ሆኖ ሲሆን፣ ዋና ሥራውም እስከ ዛሬ የኑክሌር መሣሪያ ምሕንድስና ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ወዲህ በፀሐይና በነፋስ ኃይል ላይ ሰፊ ምርምር አካሂዷል፤ ይህም የሥራው ክፍል በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። ምስጢር የሆነው ሥራ ከመጀመሪያውም እርስዎ እጅ አይደርስም። እርስዎ የያዙት ሪፖርት ሽፋኑ ላይ ያለ ገደብ እንዲሰራጭ የተፈቀደ መሆኑ ተጽፎበታል።

የአማካሪዎ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ በቀላሉም መታለፍ የለበትም። እነዚህ ሪፖርቶች ከመውጣታቸው በፊት በተቋሙ ውስጥ ይመረመራሉ፤ ሆኖም ያ ምርመራ መጽሔቶች ስማቸው ላልተገለጸ የውጭ ምሁራን ሰጥተው ከሚያስደርጉት ግምገማ ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ «የታወቀ ቤተ ሙከራ ያወጣው ስለሆነ ትክክል ነው» ብለው እንዳይጽፉ አደራ እላለሁ። በሌላ በኩል፣ መጽሔት በገጽ ብዛት ስለሚገደብ አለካኩን አሳጥሮ ያልፋል፤ የተቋም ሪፖርት ግን ቀመሩን፣ መለኪያው የተተከለበትን ሁኔታና ቋሚ ቁጥሮቹ የተገኙበትን መንገድ እስከ መጨረሻው ይዘረዝራል። ሌላ ሰው ሥራውን ደግሞ ሊሞክረው የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሞዴሉ ከዚያ ወዲህ በዘርፉ በሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች ውስጥ ገብቷል፤ ለምሳሌ ራሱ ሳንዲያ ውስጥ የተጀመረውና ዛሬ ማንም በነፃ የሚያወርደው ፒቪሊብ ይዞታል። እኔ ብሆን ለአማካሪዬ የማቀርበው ክርክር የተቋሙን ዝና ሳይሆን ሞዴሉ በሌሎች እጅ መፈተኑን ነው።

ከዚህ በተጨማሪ በመጽሔት የታተመ ሌላ ሞዴል ጎን ለጎን ያስሉ። ፓኔል ሲሞቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ተመራማሪው ዴቪድ ፋይማን እ.ኤ.አ. በ2008 ከእስራኤሉ ኔጌቭ በረሃ ያወጡት የፓኔል ሙቀት ቀመር ለዚህ ይመቻል። የፀሐይ ጨረሩ በካሬ ሜትር 1000 ዋት፣ አየሩ 28 ዲግሪ፣ ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር ነው እንበል። በማቆሚያ ላይ ለቆመ ጀርባው ፕላስቲክ ለሆነ ፓኔል የሳንዲያው ቀመር 54 ዲግሪ ገደማ የፓኔል ሙቀት ይሰጣል፤ የፋይማን ቀመር በተለመዱት ቋሚ ቁጥሮቹ ሲሰላ 59 ገደማ ይሆናል። ሁለቱ የሚጠይቁት በተለያየ ከፍታ የተለካ ነፋስ ስለሆነ ልዩነቱን ሁሉ የቀመሩ ጥፋት ማድረግ አይገባም፤ ቢሆንም አንባቢዎ የስሌቱ እርግጠኝነት እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በዓይኑ ያያል።

መላሽ፦ ቆርቆሮና ሚስማር

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ፓኔል እየተከልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሪፖርቱን ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከላይ ያሉት መላሽ በተናገሩት ላይ ከሥራው በኩል የማየውን ልጨምር።

አማካሪዎ የፈሩት የቦታ ልዩነት ከሚገመተው ያነሰ ነው። ቤተ ሙከራው ያለበት አልበከርኪ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ 1800 ገደማ ላይ ናት። በሪፖርቱ ቀመር ጨረሩ የሚያቋርጠው የአየር ውፍረት ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር ለእነርሱ 0.83፣ ለእኛ 0.81 ይሆናል። ስለዚህ በከፍታ ረገድ ጎረቤታሞች ነን ማለት ይቻላል።

ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሪፖርቱ ለፓኔሉ አቀማመጥ የተለያዩ ቋሚ ቁጥሮች አሉት። ተማሪዎች የሰንጠረዡን የመጀመሪያ መስመር፣ ማለትም ዙሪያውን አየር በሚያገኘው ማቆሚያ ላይ የቆመውን፣ ይወስዱና ይሄዳሉ። ገበሬው ግን ሌባ ፈርቶ ፓኔሉን ማሳው ላይ አያቆምም፤ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አጣብቆ ያስረዋል። ጣሪያ ላይ ለተጣበቀ ፓኔል ሪፖርቱ በሰጠው ቁጥር፣ ከላይ በተጠቀሰው ጨረር፣ አየርና ነፋስ፣ የጀርባው ሙቀት ከ76 ዲግሪ ያልፋል። ያ ቁጥር የተለካው ሁለቱም ገጹ መስተዋት በሆነ ፓኔል ላይ ስለሆነ ገበያ ላይ ላለው ፓኔል እንዳለ አይወሰድም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ብዙ ፓኔሎች ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ የኃይላቸውን 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚያጡ፣ የ20 ዲግሪ ልዩነት ማለት 8 በመቶ ኃይል ማለት ነው። ከፀሐይ በቀጥታ የሚሠራ ፓምፕ ይህን ያህል ሲቀንስበት ጠዋት ዘግይቶ ይነሣል፤ ማታም ቀድሞ ይቆማል።

ስለዚህ ከስሌቱ በፊት ሮቢት ሄደው ገበሬዎቹን ፓኔሉን የት እንደሚያስቀምጡት ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ ሮቢት ማዶ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቆርቆሮውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ ያሰላሁትም እንደተባለው በመጀመሪያው መስመር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የነፋሱን መረጃ ያገኘሁት በ2 ሜትር ከፍታ ከተለካ ጣቢያ ሲሆን እንዳለ ነው ያስገባሁት። ደግሞም ከገበያ ያገኘሁት ፓኔል ቤተ ሙከራው ቋሚ ቁጥራቸውን ባወጣላቸው ፓኔሎች ዝርዝር ውስጥ የለም።

መላሽ፦ አባይ ማዶ

የሳንዲያ ቀመር የሚጠይቀው በ10 ሜትር ከፍታ የተለካ ነፋስ ነው። በ2 ሜትር ላይ በሰከንድ 2 ሜትር የሆነው ነፋስ በተለመደው የከፍታ ማስተካከያ በ10 ሜትር ላይ 2.5 ይሆናል፤ በማቆሚያ ላይ ለቆመ ፓኔል ይህ የሚያመጣው የሙቀት ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። ያርሙት፤ ፈታኝ ቢያገኘው ያሳፍራልና። እንቅልፍ የሚያሳጣ ስሕተት ግን አይደለም። ከጣሪያው ስሕተት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

የፓኔሉ ዝርዝር ጉዳይ የከበደ ነው። ሙሉው ሞዴል ለእያንዳንዱ የፓኔል ዓይነት ውጭ ፀሐይ ላይ ተለክተው የተገኙ ብዙ ቋሚ ቁጥሮች ይፈልጋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ፓኔሎች ደግሞ አብዛኞቹ የቆዩ ናቸው። «የሚመስለውን» መርጦ በእርሱ ማስላት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔ አልቀበለውም። ከሪፖርቱ የሙቀቱን ክፍል ብቻ ይውሰዱ፤ ኃይሉን አምራቹ በፓኔሉ መግለጫ ላይ ከጻፋቸው ቁጥሮች ያስሉ፤ ይህን ማድረግዎንም በጽሑፍዎ በግልጽ ያስቀምጡ።

መላሽ፦ ቆርቆሮና ሚስማር

በዚህ እስማማለሁ። ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። የፓኔሉን ማዘንበያ ከአሜሪካ ምሳሌዎች እንዳይገለብጡ። እነርሱ 35 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው፤ እኛ 11.6 ላይ ነን። ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 17 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከባሕር ዳር በስተሰሜን ስለምትሆን፣ ወደ ደቡብ አብዝቶ ያዘነበለ ፓኔል በደንብ አያገኛትም። ለበጋ መስኖ ብቻ ከሆነ ትንሽ ጨምሮ ማዘንበል ይጠቅማል፤ ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ግን 12 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ሲባል ከ10 በታች አላወርደውም።

ሁለተኛው፣ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ገዝተው በአንድ የገበሬ ጣሪያ ላይ ካለ ፓኔል ጀርባ፣ ከጠርዙ ርቆ መሐል በሚገኝ ሴል ላይ፣ በቴፕ ያጣብቁትና ጥቂት የጠራ ቀናት ከአየሩ ሙቀት፣ ከጨረሩና ከነፋሱ ጋር ይመዝግቡ። የቤተ ሙከራው ሰዎች ቋሚ ቁጥሮቻቸውን ያገኙት በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ የሙቀት ቀመሩን እንዳለ ይዘው በውስጡ ያሉትን ሁለት ቋሚ ቁጥሮች ከራስዎ ልኬት ማውጣት ይችላሉ። ለልኬቱ መሰላልና ረዳት ከፈለጉ በግል መልእክት ይጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያ በኩል ሥራ አለኝ።