ፓፓያችን ቅጠሉን እየጨረሰ ነው፣ ምን ልርጭበት? ቶሎ!

የግንፍሌ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ በፈጠራችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጓሮ ያለው ፓፓያችን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ሲረግፍ ነበር። ዛሬ ጠዋት የላይኛውም ጠውልጎ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ግንዱን ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል፣ ጠቆር ያለ ውሃም ያወጣል። ፍሬ ይዟል! አብዛኛው ገና አረንጓዴ ነው፣ ሁለቱ ብቻ ጫፋቸው ላይ ቢጫ ጣል አድርገዋል። እማዬ ከዘር ጀምራ ያሳደገችው ስለሆነ እንዲሞትባት አልፈልግም። ፎቶ ልላክ ብል ኔትወርኩ እምቢ አለኝ። የትኛውን መድኃኒት ልግዛ? ሱቅ ሳይዘጋ ብደርስ ደስ ይለኛል።

ቡና ጠጡ፦
አመድ ወንድሜ! የከሰል አመድ ግንዱ ሥር ዙሪያውን ነስንስበት። እኛ ቤት ለሁሉም ነገር አመድ ነው፣ ለጎመኑም ለጌሾውም።

ጋሽ አግሮ፦
መጀመሪያ መሠረቱን እንነጋገር። ፓፓያ የቆላ ተክል ነው። የሚስማማው ሙቀት ከ21 እስከ 33 ዲግሪ ባለው መሐል ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዳማ አጠገብ ያለችው መልካሳ 1,550 ገደማ፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ተክሉ በብርድ እድገቱን ያቆማል፣ አበባው ይረግፋል፣ ፍሬው ቢበስልም ስኳር አይቋጥርም። ሰው ከገበያ የገዛውን ፓፓያ በልቶ ዘሩን ጓሮ ይጥልና ሲበቅልለት ይደሰታል፣ ከዚያ ክረምት ሲመጣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል። ለዚህ ከተማ ኮክ ትከሉ፣ አቮካዶ ትከሉ። ደጋግሜ ብዬዋለሁ።

የአርባ ምንጭ ልጅ፦
ፓፓያውን ጋቢ አልብሱት እንጂ፣ ምስኪን በርዶት ነው 😂
ከቀልዱ ውጭ አባቴ ፓፓያ ሲተክል አፈሩን ቆልሎ፣ ከፍ አድርጎ ነው። ዝናብ በወረደ ቁጥር ውሃው ወደ ጎን እንዲሸሽ። በጎድጓዳ ሲተክል አይቼ አላውቅም።

ቀበና ማዶ፦
ጠያቂ፣ መድኃኒት ለመግዛት አትቸኩል። የምትለው ምልክት የቅጠል በሽታ አይመስልም፣ የሥር ነው። ያልነገርከን ነገር አለ። ግቢው አፈር ነው ሊሾ? የዝናቡ ውሃ ወዴት ይሄዳል? አፈሩን ቆፈር አድርገህ በእጅህ ስትጨብጠው ውሃ ያንጠባጥባል?

የግንፍሌ ልጅ (ጠያቂ)፦
እህትህ ነኝ 🙂 ግቢው ሊሾ ነው፣ ለፓፓያው ብቻ በግንቡ ጥግ አራት ማዕዘን ቦታ ተትቶለታል። አዎ፣ አፈሩ ጭቃ ነው። የሰርቪሱ ጣሪያ አሸንዳ ሰኔ ላይ ተገጥሞለት ቱቦው እዚያው ጥግ ነው የሚለቀው። ግን ዝናብ ለዛፍ ጥሩ አይደል እንዴ?

ቀበና ማዶ፦
ይኸው ተገኘ። እህቴ፣ የጣሪያው ውሃ በሙሉ በአሸንዳው ተሰብስቦ ሥሩ ላይ ይወርዳል፣ ዙሪያው ሊሾ ስለሆነ መውጫ የለውም። ፓፓያ የተኛ ውሃ ፈጽሞ የማይችል ዛፍ ነው። ከሁለት እስከ አራት ቀን ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ አየር አጥቶ ይታፈናል፣ ከዚያ በአፈር ውስጥ ያለው ፊቶፍቶራ የሚባለው አበስባሽ ይገባበታል። ቅጠሉ የሚጠወልገው ውሃ ጠምቶት ሳይሆን ሥሩ መሳብ ስላቃተው ነው። ጠወለገ ብላችሁ በጆግ እያጠጣችሁት ከሆነ አሁኑኑ ይቁም።

ዛሬ፣ ሳይመሽ፣ ቱቦውን ከዚያ ጥግ አዙሩት። የሚያዞርልሽ ሰው ካጣሽ አሮጌ ጎማ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ጫፉ ላይ ሰክተሽ ወደ መውረጃው ምሪው። ከዚያ ከግንዱ ራቅ ብለሽ በሊሾው ዝቅ ባለው በኩል የጠርዙን ሲሚንቶ በመሮ አስከፍተሽ ቦይ አውጪለት፣ የታጎረው ይውጣ። ግንዱ ሥር የተቆለለ አፈር ወይም ፍግ ካለ በእጅሽ ገለል አድርጊው፣ በዶማ አይሆንም፣ ሥሩ ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ንጹሕ ቢላዋ ይዘሽ የሰረጎደውን ቦታ ልጡን ፋቅ አድርጊ። ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ እሰየው። ቡናማ፣ ውሃ የቋጠረና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። ብስባሹ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ እስከ ጤነኛው ድረስ ጠርገሽ አውጪውና አየር እንዲያገኝ ክፍት ተዪው። ግንዱን ዙሪያውን ከከበበው ግን አይድንም፣ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ያኔ የሚያሳስበኝ የመውደቁ ነገር ነው፤ የፓፓያ ግንድ ውስጡ ክፍት ነው፣ ፍሬ ተሸክሞ ከሥሩ ከለሰለሰ በነፋስ ይሰበራል። ልጆች ሥሩ እንዳይጫወቱ።

ሰፈር ሰው፦
አመድ ብትነሰንሺበት ጥሩ ነው። ዩሪያም ትንሽ ጣል አድርጊበት፣ ቢጫ የሆነው ምግብ አጥሮት ይሆናል።

ቀበና ማዶ፦
ዩሪያ በፍጹም! የታመመ ሥር ላይ ማዳበሪያ መጨመር መግደል ነው። አመዱም ቢሆን የላዩን እርጥበት ይመጥጥ ይሆናል እንጂ ከሥር የተኛውን ውሃ አያወጣም።

ጋሽ አግሮ፦
በዚህ ከወንድማችን ጋር እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ብትሄጂ ለቲማቲምና ለድንች የሚሸጠውን ሪዶሚል ይሰጡሽ ይሆናል። ውስጡ ያለው ሜታላክሲል በእርግጥ ለእንዲህ ዓይነቱ አበስባሽ የተሠራ ነው። ግን ውሃው እስካልወጣ ድረስ ገንዘብሽን ጭቃ ውስጥ ማፍሰስ ነው። ፍሬም ተሸክሟል፣ የምትበሉት ፍሬ ላይ በግምት አትርጪ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ፓፓያ ለአዲስ አበባ አይሆንም የሚለው ሐሳቤ እንዳለ ነው።

የጓሮ እናት፦
ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልደታ ያለው የእኔ ግቢ ፓፓያ ያፈራል። ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግንብ ተጠግቶ ነው ያለው፣ ግንቡ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልስለታል። እንደ አርባ ምንጩ አይጣፍጥም፣ አልዋሽም፣ ለመብሰልም ይዘገያል። ግን ከገዛ ደጄ ቆርጬ ለልጆቼ ሳቀርብ ደስታው ሌላ ነው። ለእማማም ያ ነው የሚታያቸው።

ልጄ፣ ፍሬዎቹን አታባክኚ። ቢጫ የጀመሩትን ሁለቱን ዛሬ ቁረጪና ቤት ውስጥ አስቀምጪ፣ ይበስላሉ። ጥሬ አረንጓዴዎቹ ተቆርጠው አይጣፍጡም፣ ግን ልጠሽ፣ ዘሩን አውጥተሽ እንደ ዱባ ወጥ ሥሪያቸው። ስትልጪ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው፣ እጅሽን በፌስታል ጠቅልዪ። ነፍሰ ጡር ቤት ካለች ጥሬውን አትቅመስ።

እንደገና ለመትከል ካሰባችሁ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አይሁን፣ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ሌላ ቦታ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ቆልሉ። ዘሩን ከበሰለው ውሰዱ፣ ላዩ ላይ ያለውን የሚያሟልጭ ሽፋን በወንፊት ላይ እያሻችሁ እጠቡት፣ እሱ ካልተነሣ አይበቅልም ወይም ይዘገያል። አንድ ቦታ ሦስት አራት ችግኝ ይብቀል፣ ሲያብቡ የሚያፈራውን አስቀርታችሁ ሌላውን ትነቅላላችሁ።

የአርባ ምንጭ ልጅ፦
እማማን አርባ ምንጭ እንውሰዳቸውና ጫካውን ያዩት 😂 ጠያቂ፣ ቱቦው ዞረ?

የግንፍሌ ልጅ (ጠያቂ)፦
ቱቦውን የጎረቤት ልጅ አዙሮልናል፣ እግዜር ይስጠው። ውሃው ራሱ ጥቁር ሆኖ ነው በቦይ የወጣው፣ ሽታው አይጣል። ሁለቱን ፍሬ ቆርጫለሁ። አሁን ቢላዋ ይዤ ልወጣ ነው፣ ያየሁትን እጽፋለሁ። እናንተን ባላገኝ መድኃኒት ገዝቼ ገብቼ ነበር።

ቀበና ማዶ፦
ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ፍጠኚ። ነጭ ነው ቡናማ?

ቡና ጠጡ፦
ምን ሆነ? ዳነ?

ቀበና ማዶ፦
እህቴ፣ ድምፅሽ ጠፋ። ከዳነ እስከ መስከረም መጨረሻ ምንም ማዳበሪያ እንዳትሰጪው።

የካዛንቺሷ፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። የእኔ ፓፓያ ጤነኛ ነው፣ ያብባል፣ ግን አንድም ፍሬ አልያዘም። አበባው ረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ሆኖ ነው የሚወጣው። እሱም ውሃ በዝቶበት ይሆን?

የጓሮ እናት፦
የለም ልጄ፣ ያ ወንዴ ነው። ሴቴዋ አበባ ከግንዱ ተጣብቃ፣ ወፈር ብላ፣ ሥሯ ላይ ትንሽ ክብ ፍሬ መሰል ነገር ይዛ ነው የምትወጣው። የወንዴውን ብትጠብቂው አያፈራም። በቦታው ሌላ ዝሪ፣ ዘር ስትመርጪ ክቡን ትተሽ ረዘም ካለው ፍሬ ውሰጂ፣ ከእሱ የሚበቅለው ብዙውን ጊዜ የሚያፈራ ነው።